ካልሞሉት የማይሄድ ወታደር፦ የጦር ሜዳ ሰዓት ከገዳሪፍ እስከ ዛሬ

መተማ ዮሐንስ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው እንበል። ድልድዩን ተሻግረው ጋላባት ሲገቡ ሱዳናዊው ነጋዴ ሰዓቱን አይቶ 8 ሰዓት ነው ይልዎታል። የተራመዱት ጥቂት ሜትር ነው፤ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለው ርቀት ግን አምስት ሰዓት። ነገሩ ምሥጢር የለውም። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስንቆጥር ሱዳኖች ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ፤ ስድስቱ ሰዓት ከዚህ ይመጣል። በሌላ በኩል ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2000 ሰዓቷን አንድ ሰዓት አስቀድማ ከእኛ ጋር አስተካክላ ነበር። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ወደ ቀድሞው መለሰችው። ስድስቱ ላይ አንዱ ሲቀነስ አምስት ይሆናል።

ዘመናዊ ስልክ የያዘ መንገደኛ በዚህ አይጨነቅም። ስልኩ የሱዳንን ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱን ያስተካክላል። ክንዱ ላይ የሚሞላ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው ግን ሰዓቱ ድንበር መሻገሩን አያውቅለትም። ጠዋት ቤቱ እንደሞላው፣ የቤቱን ሰዓት እየቆጠረ ይሄዳል። ይህ ባትሪ የማያውቅ፣ በሞላና በጥርስ ብቻ የሚሠራ ሰዓት አንድ ጊዜ የጦር መሣሪያ ነበር። ዛሬስ ቦታ አለው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ከሱዳኗ ገዳሪፍ እስከ መተማ ካለው ምድር የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። የእጅ ሰዓት ውትድርና ከተቀጠረባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ ሱዳን ነውና።

ከኪስ ወደ ክንድ

በ19ኛው መቶ ዘመን የወንድ ሰዓት ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በሰንሰለት የሚታሰር ነበር። ክንድ ላይ የሚታሰረው የሴት ጌጥ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው ጠመንጃ የያዘ ፈረሰኛ መኮንን ኪሱን ሲዳብስ ውሎ አያዋጣውም። እ.ኤ.አ. በ1898 እንግሊዛዊው ጄኔራል ኪችነር ሱዳንን ይገዙ በነበሩት መሐዲስቶች ላይ ወደ ካርቱም ሲዘምት፣ ማፒን ኤንድ ዌብ የተባለው የለንደን ነጋዴ ቤት ለዘማቾች የሚሆን የእጅ ሰዓት ማስተዋወቅ ጀመረ። የኦምዱርማን ጦርነት የተካሄደው በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ገዳሪፍም በእንግሊዝና በግብፅ ጦር እጅ ወደቀች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከዚያው ከመሐዲስቶች ጦር ጋር መተማ ላይ ተዋግተው ከወደቁ ገና ዘጠኝ ዓመት ተኩል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት የእጅ ሰዓትን በመኮንኖች ዘንድ አስለመደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ግዴታ አደረገው። መድፉ አስቀድሞ እስከ ተወሰነ ደቂቃ ድረስ ይተኩሳል፣ ዝም ሲል እግረኛው ከምሽግ ይወጣል። እግረኛው ቢቀድም የገዛ ወገኑ መድፍ ይፈጀዋል፣ ቢዘገይ ጠላት ራሱን አንቅቶ ይጠብቀዋል። በሐምሌ 1 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. በሶም ግንባር የእንግሊዝ መኮንኖች ዓይናቸውን ሰዓታቸው ላይ ተክለው በእነሱ አቆጣጠር ልክ ከጠዋቱ 7፡30 ሲሆን ፊሽካቸውን ነፉ። በአንዲት ቀን ከ57 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደር ሞተ፣ ቆሰለም። ሰዓቱ በትክክል ሠርቷል።

የጋላባት ጠዋት

ወደ እኛው ድንበር እንመለስ። ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከሰላንና ጋላባትን ያዙ። እንግሊዞች ለመልሶ ማጥቃት የተነሡት ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጋት ላይ ነው። አዛዡ በኋላ በበርማ ዘመቻ ስሙ የገነነው ዊልያም ስሊም ሲሆን፣ የሚመራው 10ኛውን የህንድ ብርጌድ ነበር። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ በሰዓት ላይ የተገነባ ነው። አውሮፕላን ይደበድባል፣ መድፍ ይቀጥላል፣ ከዚያ ታንክ፣ ከታንኩ ኋላ እግረኛ።

የጋላባት ምሽግ በዚያው ጠዋት ተያዘ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። አብዛኞቹ ታንኮች በድንጋይና በፈንጂ ተሰናከሉ። የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች በአንድነት በመምጣት ፋንታ በተናጠል እየደረሱ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተመቱ። ሰማዩ ለጣሊያን ሲለቀቅ ምሽጉን መያዝ አልተቻለም፤ መተማም ሳትያዝ ቀረች። ችግሩ የሰዓት እጦት አልነበረም። በሰዓት መገናኘት ግን ሰዓት ከማሰር የተለየ ሙያ ነው።

ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት በሚወስደው መንገድ ላይ ዶካ የምትባል ከተማ አለች። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት የተነሣው ከዚህች ከተማ ነው። ጓዱ ሚሽን 101 ይባል ነበር፤ ስሙም የተወሰደው ከመድፍ ጥይት ፊውዝ ነው። ተከትሎ የመጣው ኦርድ ዊንጌት ደግሞ በሰዓት በኩል ከሁሉም የተለየ ሰው ነበር። እንደ ሌሎቹ መኮንኖች የእጅ ሰዓት በማሰር ፈንታ አነስተኛ የደወል ሰዓት ክንዱ ላይ አስሮ ይዞር እንደነበር ይነገርለታል። ሰው ሲያነጋግር ደወሉ ካንቃጨለ ወሬው አበቃ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ ዊንጌት አብሮ ነበር። ጌድዮን የተባለው ጦሩ ከሁለት ሺህ የማይበልጥ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ይዞ፣ ሌሊት ሌሊት እያጠቃ፣ ቁጥሩን አብዝቶ እያስወራ ደብረ ማርቆስ ገባ።

በዚህ ዘመቻ ውስጥ ሁለት የሰዓት አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ተጉዘዋል። እንግሊዙ ሰዓቱን ያያል። አርበኛው ሌሊቱን በዶሮ ጩኸትና በከዋክብት፣ ቀኑን በጥላ ይለካል። የቤተ ክርስቲያን ሰው በጾም ወራት ጥላውን በጫማ እየለካ የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቅባት አገር ናትና ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። ቀጠሮ ሲያዝ ግን የእንግሊዙ 5 ሰዓት ለሐበሻው 11 መሆኑን የሚያስታውስ አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር።

ጀርባው ሲከፈት

እነዚያ ሰዓቶች አብዛኞቹ የስዊዘርላንድ ሥራ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር የራሱ ፋብሪካዎች የአውሮፕላንና የመድፍ መሣሪያ ስለያዛቸው ከስዊሶች ገዝቶ ጀርባቸው ላይ የቀስት ምልክትና ኤ.ቲ.ፒ. የሚሉ ፊደሎች አስቀረጸ። በጦርነቱ ማብቂያ፣ በ1945 እ.ኤ.አ.፣ በአንድ ንድፍ መሠረት የተሠሩ የአሥራ ሁለት ፋብሪካዎች ሰዓቶች ደረሱ፤ ኦሜጋ፣ ሎንጂን፣ ሲማ፣ ቡረንና ኢተርና ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ቁጥር፣ ውሃ የማያስገባ ክዳን፣ በጨለማ የሚያበራ ቀለም።

የእንዲህ ዓይነቱን ሰዓት ጀርባ ሰዓት አዳሽ ሲከፍተው መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ቀለበት ናት። የሰዓቱ ልብ እሷ ነች። በሰዓት 18 ሺህ ጊዜ፣ በሰከንድ አምስት ጊዜ ትመታለች። ጉልበቷን የምታገኘው ጠዋት ጠዋት መሙያውን ስናዞር ከሚጠመጠመው ሞላ ነው። ሞላው በአንዴ ሊፈታ ይታገላል፣ ጥርሶቹ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ያስታግሱታል። "ቲክ ቲክ" የምንለው ድምፅ የዚህ ያዝ ለቀቅ ድምፅ ነው። በአሜሪካኖቹ ኤ-11 ሰዓት ላይ መሙያው ወደ ውጭ ሲሳብ ሰከንድ ቆጣሪው ቀጥ ይላል። አዛዡ "አሁን!" ሲል ሁሉም እኩል ይጫኑትና የሁሉም ሰዓት በአንድ ሰከንድ ይነሣል። የጦር ሜዳ ሰዓትን ከሌላው ሰዓት የለየው ዋናው ነገር ይህ ነው። ጥንካሬው ሁለተኛ ነበር፤ አንደኛው ሥራው ብዙ ሰው በአንዲት ቅጽበት ላይ እንዲስማማ ማድረግ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን ገጽ በጨለማ ያበራ የነበረው ሬዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ነው። ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ ግማሽ ያህሉን የሚያጣው ከ1600 ዓመት በኋላ ነው። የአያቱን የጦር ሰዓት ያገኘ ሰው ገጹን ፍቆ ለማጽዳት ባይሞክር ይሻለዋል።

ድንጋይ የገባው ሰዓት

በታኅሣሥ 25 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ሴይኮ ቶኪዮ ላይ አስትሮን የተባለውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። በሰከንድ 8,192 ጊዜ የሚርገበገብ የኳርትዝ ቅንጣት የተወዛዋዧን ቀለበት ቦታ ወሰደ። የሚሞላ ሰዓት በቀን ብዙ ሰከንድ ሲያዛንፍ ባትሪ ድንጋይ የገባለት ሰዓት ያን ያህል የሚያዛንፈው በወር ነው። ዋጋውም ረከሰ። በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ሲሶው ወረደ።

ጦሩም አላመነታም። የእንግሊዝ ጦር እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚሞላ ሰዓት ለወታደሩ ሲያድል ቆይቶ በዚያው ዓመት ወደ ኳርትዝ ዞረ። ሶቪየቶች ግን በቺስቶፖል ከተማ ቮስቶክ ፋብሪካ የሚሠራውን ኮማንዲርስኪ ሰዓት አልተዉትም፤ እስከ ዛሬም ይመረታል። ደርግ ፊቱን ወደ ሞስኮ ባዞረበት ዘመን ለትምህርት ወደዚያ የሄዱ ኢትዮጵያውያን በክንዳቸው አስረው ካመጧቸው ዕቃዎች አንዱ የሩሲያ ሰዓት ነበር።

እንግዲህ ትክክለኛነትን ከፈለገ ዛሬ ወታደር የሚሞላ ሰዓት አያሻውም። ጊዜውን ከሳተላይት ይቀበላል። ሆኖም ሳተላይት የሰጠውን ሳተላይት ያጋልጣል። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ቀደም ብሎ ያወጣው የሩጫ ካርታ፣ ወታደሮች በክንዳቸው ባሰሩት ዘመናዊ መሣሪያ አማካይነት የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ በበረሃ መካከል ቁልጭ አድርጎ ማሳየቱ ታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አቅጣጫ ጠቋሚ ያላቸውን መሣሪያዎች በግዳጅ ቀጠና መጠቀምን ከለከለ። የሚሞላ ሰዓት ወደ ሰማይ የሚልከው ወሬ የለውም። ለወታደር የቀረው አንድ ብልጫ ይህ ዝምታው ነው። ይህንንም ቢሆን ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ይጋራዋል።

ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ታየ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከሞላ ጎደል በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ከካርቱም ሸሽቶ ገዳሪፍ ወይም መተማ ለደረሰ ሰው የስልክ ችግር የኔትወርክ ብቻ አይደለም፤ ቻርጅ የሚደረግበት መብራትም ነው። ባትሪው ያለቀ ስልክ ሰዓትም አይናገርም። እንዲህ ባለው ቦታ ሞላው ጦረኛውን ትቶ ሲቪሉን ያገለግላል።

የሚቀርለት

የሚሞላው ሰዓት በሀብታሞች ሳጥን ውስጥ መኖሩ አያጠራጥርም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። የጦር ሰዓቶቹም ሰብሳቢ አላቸው፤ ለወታደር በነፃ የታደሉት ዛሬ በውድ ይሸጣሉ። ይህ የዕቃው ዕድሜ ነው፤ የሥራው ዕድሜ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። ፒያሳና መርካቶ ላይ የመስታወት ሣጥኑን ፊቱ ዘርግቶ፣ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ቆንጥጦ የሚቀመጠው ሰዓት አዳሽ ነው የሚወስነው። የተበጠሰ ሞላ የሚተካ፣ የደረቀ ዘይት የሚያጥብ ሰው ካለ የ1933ቱ ሰዓት ነገም ይሄዳል። ልጁ ሙያውን ካልተረከበው ግን ሰዓቱ እንደ ሜዳልያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ወደ ድልድዩ ስንመለስ፣ ስልክ የቆመበትን አገር ሰዓት ይናገራል። የሚሞላው ሰዓት የመጣበትን አገር ሰዓት ይናገራል። ለሰሊጥ አጨዳ ገዳሪፍ የወረደ ሰው ሰዓቱን ካልነካው፣ ማታ ክንዱን አይቶ ቤቱ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ይህን ለማወቅ ከእሱ የሚፈለገው ጠዋት ሲነሣ መሙያዋን ጥቂት ጊዜ ማዞር ብቻ ነው።