ስማችን በማን ደብተር ተጻፈ?



ጆርጅ ዋሽንግተን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በቨርጂንያ ባለ ርስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1774 ግብር የሚከፈልባቸውን ሰዎች ሲያስመዘግብ ከባሪያዎቹ መካከል ሁለት ስሞች ሰፈሩ፦ «ፋቲመር» እና «ትንሿ ፋቲመር»። አጥኚዎች ስሙን ከ«ፋጢማ» ጋር ያያይዙታል። ከየት አገር እንደተወሰዱ፣ በምሽት ምን ዱዓ እንዳደረጉ ዝርዝሩ አይነግረንም። ለጻፈው ሰው የግብር ቁጥር ብቻ ነበሩ።

በአንጻሩ በሐረር የቃዲዎች መዝገብ የመሬት ሽያጭና ውርስን በዐረብኛ ይዟል። እዚያ ሙስሊሙ ስለ ራሱ ጉዳይ ራሱ ጽፏል። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍም ከየቤቱ የቆዩ ኪታቦችን እየሰበሰቡ ሙዚየም አቋቁመዋል።

ከቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ (አል-በቀራህ 282) ዕዳን እንድንጽፍና ምስክር እንድንይዝ ታዛለች። መጻፍ ዲናችን ነው!

ውድ ወጣቶች! ራቤልም ሆነ ሌላ ከተማ፣ በአያቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የዱቤ ደብተር፣ የመሬት ውል ወይም የኒካሕ ወረቀት ይኖር ይሆናል። ለእሳት ማቀጣጠያ ሳይሆን በፊት ፎቶ አንሱት፣ ታሪኩንም ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉት። እኛ ካልጻፍን የሚቀረው ሌላው ስለኛ የጻፈው ብቻ ነው።