በሩ ተከፍቶ መንገዱ ለጠፋበት እንግዳ

ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ታሪክ ሲወራ ሁሌም የሚመሰገነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነው። የተጻፈውን ሌላው እንዲያነበው መንገድ የጠረጉትንስ ማን ያነሳቸዋል? ይህች አጭር ጽሑፍ ስለ እነሱ ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቅ ፕሮግራም የቤት ቁጥር እንደሌለው ሰፈር ነው። ነባሩ ነዋሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድበታል፤ ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ የሆነው ግን በየማዕዘኑ ቆሞ ይጠይቃል። በኮዱ ውስጥ ለእያንዳንዷ ሥራ ስም ይወጣላታል። ስሙ አንድ ፋይል ውስጥ ይብራራል፣ በመቶ ሌሎች ፋይሎች ይጠራል። ተራ የቃል ፍለጋ ስሙ ያለበትን መስመር ሁሉ ገለባውን ከፍሬው ሳይለይ ያመጣዋል። ስለዚህ ዕውቀቱ ከነባሮቹ ጭንቅላት አይወጣም ነበር። እነሱ ሥራ ሲለቁ አብሯቸው ይሄዳል።

በ1979 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ዩኒክስ ውስጥ ኬን አርኖልድ የጻፈው ሲታግስ ብቅ አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን አንብቦ ስሞቹን በፊደል ተራ ይዘረዝራል፣ ከየስሙ ጎን የተብራራበትን ቦታ ያሰፍራል። አንባቢው ስሙ ላይ ሆኖ ቁልፍ ሲነካ እዚያው ይደርሳል።

ከባዱ ጥያቄ ግን «ይህን ብነካው ምን ይፈርሳል?» የሚለው ነው። ለዚህ በቤል ላቦራቶሪ ጆ ስቴፈን ሲስኮፕን ጻፈ፤ የትኛው የኮድ ክፍል የትኛውን እንደሚጠራ ያሳያል። ይህ መሣሪያ ለሁሉም በነጻ የተለቀቀው በ2000 ነው።

በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የለቀቀው ሊኑክስ 10,000 መስመር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን ያልፋል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ነገር ግን 30 ሚሊዮን መስመር ፊት አንድን ጀማሪ አቁሞ «በሩ ክፍት ነው፣ ግባ» ማለት ምን ይጠቅመዋል? በ1990ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ የተሠራው ኤልኤክስአር እያንዳንዱን ስም በድረ ገጽ ላይ የሚጫኑት ማያያዣ አደረገው። ኢንተርኔት ያለው ሁሉ የሊኑክስን ሆድ ዕቃ መመርመር ቻለ።

ማውጫው የማን ነው የሚለውም ቁም ነገር ነው። ጉግል በ2006 የኮድ መፈለጊያ ከፈተ፣ በ2012 ዘጋው። የለመዱት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሲታግስን ግን በ1996 ዳረን ሂበርት በአዲስ መልክ ጻፈው፤ እሱ ሲያቆም ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ተረከቡት። ከ40 ዓመት በላይ አልፎም ይሠራል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ይመስለኛል። ዕውቀትን «ክፍት ነው» ማለት ብቻ ለባዕዱ ፍትሕ አይሆነውም። ማውጫ የሌለው ክፍት ቤት የነባሮቹ ቤት ነው፤ ማውጫውን አንድ ጌታ ብቻ የያዘው ቤት ደግሞ ጌታው በፈለገ ቀን ይጨልማል። ስለዚህ ጽፎ ለሕዝብ የሚሰጥ ሰው ይመስገን፤ ማውጫውንም ጨምሮ የሚሰጥ ግን እጥፍ ይመስገን።