የቆሎ ተማሪና የፋሲሎ ደጃፍ

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ያደግሁ ሰው ነኝና ችግረኛ ልጅን ስለ መርዳት ሲነሣ ቢሮ አይታየኝም፤ የቆሎ ተማሪ ነው የሚታየኝ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እናቴ ቁራሽ እንጀራ ሳትሰጠው መልሳው አታውቅም። ልጁ ከጎጃም ገጠር ወይም ከጣና ማዶ ከበጌምድር የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ወላጅም የለው። የኔታ ዳዊቱንም፣ ዜማውንም፣ ቅኔውንም ያለ ክፍያ ያስተምሩታል። አዳሩ ግን ሣር ጎጆ፣ ምግቡም የለመነው ነው። እከኩንና የውሻ ንክሻውን ሳስብ ሥርዓቱን እንዲሁ ማሞገስ ይከብደኛል። ቢሆንም ስንቱን የሙት ልጅ መሪጌታ አድርጓል!

ቢሮስ ቢሆን አልጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቋመች። ብዙም ሳይቆይ ግን፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት በአዋጅ ተወረሰና መምህራኑ የሚተዳደሩበት ርስት ሄደ። የተማሪው ሸክም ይብሱን እንደ እናቴ ባሉ ሰዎች ሌማት ላይ ወደቀ።

ዛሬ ማኅበረ ቅዱሳንን የመሳሰሉ ማኅበራት የአብነት ትምህርት ቤቶችን ይደግፋሉ። ልመና ትሕትና ያስተምራል የሚሉ አሁንም አሉ፤ ተማሪ በጠኔ ሲወድቅ ላየሁት ለእኔ ግን አይዋጥልኝም።