ምስክርነት ያለ ዐይን

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኗ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ድጓን በሌላ ደብር የተማረ ደቀ መዝሙር እንኳ ወደዚያ ዘልቆ ዜማውን ለመምህሩ አሰምቶ ምስክርነት ይቀበላል። በዚህ ፈተና ዳኛው ጆሮ ነው። ስለዚህም በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዐይነ ሥውሩ በቃል ተምሮ፥ በተራውም መምህር ሆኖ የሌላውን ዜማ ለማረም ሲበቃ ኖሯል።

ይህን በልባችን ይዘን የአገራችንን የምርጫ ታሪክ ስንመለከት፥ ዳኝነቱ ሁሉ ለዐይን ተሰጥቶ እናገኘዋለን። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በመኳንንትና በየአገሩ ሹማምንት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ግን በ1950 ዓ.ም. መባቻ ሕዝቡ ራሱ እንደራሴዎቹን መረጠ። በኋለኞቹ ምርጫዎች ፊደል ላልቆጠረው ዜጋ ሲባል በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የመወዳደሪያ ምልክት ይታተም ጀመር። ምልክቱ ላልተማረው በር ቢከፍትም፥ ዐይነ ሥውሩን ከደጅ አስቀረው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ መራጩ ራሱ በመረጠው ሰው እንዲረዳ ይፈቅዳል። ረዳቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምስጢሩ የሁለት ሰዎች ይሆናል። ረዳቱ የታዘዘውን ምልክት ማድረጉን ዐይነ ሥውሩ በምን ያረጋግጣል? ቆጠራው በምርጫ ጣቢያው ቢካሄድና ውጤቱ በግድግዳ ቢለጠፍም፥ ይህ ማረጋገጫ የሚጀምረው ወረቀቱ ከሳጥን ከገባ በኋላ ነው።

ይህን ችግር ሌሎች ሕዝቦች በየዘመናቸው በጣትና በጆሮ አቃለውታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የአቴና ዳኞች ፍርድ የሚሰጡት በሁለት የነሐስ ምልክቶች ነበር፤ የአንዱ መካከለኛ ዘንግ ክፍት፥ የሌላው ድፍን ነው። ዳኛው ጫፎቹን በጣቶቹ ሸፍኖ ሲጥል የፈረደውን እርሱ በመዳሰስ ያውቃል፤ ሌላው ግን አያይም። በጋምቢያ መራጩ ብይ በዕጩው በርሜል ይጥላል፤ ከውስጡም ቃጭል ይጮኻል። ከአንድ ጊዜ በላይ ቢጮኽ ተንኰሉ ይሰማል። ጋና በ1997 ዓ.ም. ባደረገችው ምርጫ ለዐይነ ሥውራን በእጅ የሚዳሰስ የወረቀት ማቀፊያ አዘጋጀች። መራጩ በጣቱ ቈጥሮ በመረጠው ዕጩ ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ ማቀፊያው ሲወጣ ወረቀቱ ከሌላው ወረቀት አይለይም፥ አብሮም ይቈጠራል።

እርግጥ የድጓው ምስክርነትና የምርጫው አንድ አይደሉም። ደቀ መዝሙሩ በስሙ ይመሰከርለታል፤ መራጩ ግን ድምፁ እውነተኛ መሆኑ እንዲመሰከር፥ ስሙ ግን እንዲሰወር ይሻል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻል መሆኑን ከላይ የጠቀስናቸው አገሮች አሳይተዋል። ደረጃ የሌለው መግቢያ፥ በተቀመጠ ሰው ልክ የተሠራ ጠረጴዛና በጣት የሚነበብ ማቀፊያ ብዙ ወርቅ የሚጠይቁ አይደሉም።

አባቶቻችን ዐይነ ሥውሩን መምህር አድርገው በወንበር ሲያስቀምጡ በጆሮው ታምነዋል። እኛም በምርጫው ቀን በጣቱ ልንታመን ይገባናል።