ዝማሬና የቤተ ክርስቲያን ዓመት፦ የሉተራውያን ካንታታ ለመዘምራኖቻችን ምን ያስተምራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በካፋ ዞን በሚገኝ አንድ አጥቢያ በስቅለት ዓርብ እንዳገለግል ተጋብዤ ነበር። የያዝኩት ክፍል ማርቆስ 15 ነው። ከስብከቱ በፊት የወጣው ኳየር ግን ስለ ጠላት መውደቅና ስለ በር መከፈት የሚናገር፣ ጉባኤውን በእልልታ ያስነሳ መዝሙር ዘመረ። ጭብጨባው ሳይበርድ ስለ ጌታ ጩኸትና ሞት መናገር ጀመርኩ። ልጆቹ አላጠፉም። የዕለቱ ክፍል ምን እንደ ሆነ ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ብሆን አስቀድሜ አልላክሁላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝማሬና ቃል በአንድ ዕለት እንዴት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ሳስብ ቆይቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከሙት የጀርመን ሉተራውያን ስለ ሆኑ በዚህ ጽሑፍ የእነርሱን ልማድ በአጭሩ አቀርባለሁ።

ካንታታ ምንድን ነው?

ቃሉ መዘመር ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። መጀመሪያ በጣሊያን አገር የዓለማዊ ዜማ ስም ነበር። በጀርመን የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ግን በመሣሪያ ታጅቦ በመዘምራንና በሶሎ ዘማሪዎች የሚቀርብ፣ የአንድን እሑድ ወይም የአንድን በዓል ንባብ የሚያብራራ ዝማሬ ሆነ። በዘርፉ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ዮሐን ሰባስትያን ባኽ (እ.ኤ.አ. 1685-1750) ራሱ ካንታታ በሚለው ቃል ብዙም አይጠቀምም ነበር።

በካንታታ ውስጥ ብዙ ጊዜ አራት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው። ሁለተኛው ሬሲታቲቭ ይባላል፤ አንድ ሰው እንደ ንግግር አድርጎ እየዘመረ ቃሉን የሚያስረዳበት ነው። ሦስተኛው አሪያ ነው፤ በዚህ የአማኙ ነፍስ ለተሰማው ቃል በጸሎት፣ በንስሐ ወይም በደስታ ትመልሳለች። አራተኛው ኮራል ማለትም ጉባኤው በቃሉ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲሆን ብዙ ጊዜ መዝጊያው እርሱ ነው። ሰባኪ የሆነ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል፤ ማንበብ፣ ማስረዳት፣ ወደ ልብ ማድረስ፣ ከዚያም ጉባኤው በአንድ ድምፅ እንዲመሰክር ማድረግ ነው። ካንታታ በዜማ የቀረበ ስብከት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ለካንታታ የሚሆን አዲስ ዓይነት ግጥም ከ1700 አካባቢ ጀምሮ እየጻፈ ያስፋፋው ኤርድማን ኖይማይስተርም ፓስተር ነበር።

በላይፕሲግ ከተማ ዋናው የእሑድ አምልኮ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሦስትና አራት ሰዓት ይፈጅ ነበር (እንግዲህ ፕሮግራማችን ረዘመ የሚሉ ወገኖች ይጽናኑ)። ካንታታው የሚቀርበው ወንጌል ከተነበበ በኋላ፣ ከስብከቱ በፊት ነው። ሁለት ክፍል ካለው ሁለተኛው ከስብከቱ በኋላ ይዘመራል። ጉባኤው እየተከታተለ እንዲያነብ ግጥሙ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ባኽ በመጀመሪያዎቹ የላይፕሲግ ዓመታት በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ አዲስ ካንታታ ይጽፍ፣ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ልጆችን ያስጠናና እሑድ ያቀርብ ነበር። ዛሬ በእጃችን የሚገኙት የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎቹ 200 ገደማ ናቸው። በብዙዎቹ ወረቀቶች መጀመሪያ ላይ ኢየሱስ እንዲረዳው የሚለምን ምሕጻረ ቃል፣ በመጨረሻው ላይ ደግሞ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ እንዲሆን የሚል ምሕጻረ ቃል ይጽፍ ነበር።

ዓመቱ እንዴት ይዞራል?

ካንታታ ያለ ቤተ ክርስቲያን ዓመት አይገባም። ሉተር የጳጳሱን ሥርዓት ብዙ ቢያርምም ለየእሑዱ የተመደቡትን የወንጌልና የመልእክት ንባቦች በአመዛኙ አልሻራቸውም። ዓመቱ ከልደት በፊት ባሉት አራት የአድቬንት እሑዶች ይጀምራል። ከዚያ ልደት፣ ኤጲፋንያ፣ የሕማማት ጾም፣ ትንሣኤ፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ እያለ ሥላሴ እሑድ ላይ ይደርሳል። እስከዚህ ያለው ግማሽ ዓመት ጌታ ያደረገልንን ይተርካል። የቀረው ግማሽ፣ ከሥላሴ በኋላ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው እየተባለ የሚቆጠረው ረጅም ዘመን፣ ጌታ ስላስተማረውና አማኝ እንዴት ሊኖር እንደሚገባው ነው።

የባኽ የላይፕሲግ አገልግሎት የተጀመረው በዚህ በዓል በሌለበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1723 ከሥላሴ በኋላ የመጀመሪያው እሑድ ነበር፤ የዕለቱ ወንጌልም የባለጠጋውና የአልዓዛር ታሪክ (ሉቃ. 16፥19-31)። ላይፕሲግ በንግድ ትርኢቷ የታወቀች፣ ነጋዴዎች የበዙባት ከተማ ናት። አዲሱ የመዘምራን አለቃ የመጀመሪያ ካንታታውን የከፈተው ድሆች በልተው እንደሚጠግቡ በሚናገረው በመዝሙር 22፥26 ነው። ካንታታው ከስብከቱ በፊት ሰባት፣ ከስብከቱ በኋላ ሰባት ክፍል አለው። ለአዲስ ሹም የመጀመሪያ ቀን የማይመች ርእስ ነው! ነገር ግን ርእሱን የመረጠው ባኽ አይደለም፤ የዕለቱ ወንጌል ያው ስለ ነበር ነው። የንባብ ሥርዓት አንዱ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ሰባኪም ዘማሪም የሚወደውን ብቻ እየመረጠ እንዳይሄድ ያደርጋል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ከሥላሴ በኋላ 27ኛው እሑድ የሚኖረው ትንሣኤ በጣም ቀድሞ ሲውል ብቻ ነው። ባኽ በላይፕሲግ ባገለገለባቸው 27 ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በ1731 እና በ1742፣ ደርሷል። ወንጌሉ ስለ አሥሩ ደናግል ነው (ማቴ. 25፥1-13)። ባኽ ለ1731ዱ እሑድ የጻፈው ካንታታ የተመሠረተው ፊሊፕ ኒኮላይ የተባለ ፓስተር በ1599 ባሳተመው የንቁ ጥሪ መዝሙር ላይ ነው። ኒኮላይ በኡና ከተማ ሲያገለግል በ1597 ወረርሽኝ ገብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ሰው እየቀበረ የጻፈው መዝሙር ስለ ሙሽራው መምጣት ነው። የመዝሙሩ ሦስት አንቀጾች በካንታታው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ነፍስና ኢየሱስ እንደ ሙሽሪትና እንደ ሙሽራ ይነጋገራሉ። ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት የሚናገር መዝሙር በየአጥቢያችን በዓመት ስንት ጊዜ ይሰማል? እያንዳንዱ የኳየር መሪ ደብተሩን ገልጦ ይቁጠር።

ታዲያ ለምን ወደ እኛ አልደረሰም?

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ሉተራዊ ሥርዓተ አምልኮንና የቤተ ክርስቲያንን ዓመት ይዛ ነው። ካንታታ ግን አብሮ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ የደረሱት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች የመነቃቃት እንቅስቃሴ ፍሬዎች ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረው በቤት ስብሰባ የሚዘመር አጭር መዝሙር ነው። በጀርመንም ቢሆን ፒየቲስቶች የተባሉት አጥባቂ ወገኖች ካንታታን ቲያትር ይመስላል ብለው ይነቅፉት ነበር። የላይፕሲግ ከተማ ምክር ቤት እንኳ ባኽን ሲቀጥር ሙዚቃው እንዳይረዝምና ኦፔራ እንዳይመስል አስፈርሞታል። በመካነ ኢየሱስ ውስጥም ልማዱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በ1974 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሥሯ ፕሬስቢቴሪያን ነው።

ዝማሬን ከዓመቱ ጋር ማያያዝ ግን ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንደ ጀመረው የሚነገረው ድጓ የተደራጀው በዓመቱ ዑደት ነው። ከልደት በፊት ያሉት የታኅሣሥ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። በዐቢይ ጾም ደብረ ዘይት የጌታ መምጣት፣ ገብር ኄር ደግሞ የመክሊቱ ምሳሌ የሚታሰብባቸው እሑዶች ናቸው። ከኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ጋር በትምህርት የምንለይባቸውን ነጥቦች አልዘነጋሁም። ሆኖም የዘንድሮ እሑድ ዝማሬ ከወንጌሉ ጋር የሚስማማው በአጋጣሚ እንዳልሆነ አንድ ደብተራ ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ብዙዎቻችን አናውቅም።

አንዳንድ ወገኖች ገላ. 4፥10ን እና ቆላ. 2፥16ን ጠቅሰው ቀን መቁጠር ወደ ሕግ መመለስ ነው ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳውሎስ የሚቃወመው ግን ቀንን ለመዳን መንገድ ማድረግን ነው፤ በሮሜ 14፥5-6 ቀንን ለጌታ ብሎ የሚያስበውን አይነቅፍም። በ1530 የቀረበው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ አንቀጽ 15ም በዓላትና ሥርዓቶች ያለ ኃጢአት የሚጠበቁና ለመልካም ሥርዓት የሚጠቅሙ ከሆነ ይጠበቁ፣ ነገር ግን ለመዳን አስፈላጊ እንደ ሆኑ ተደርጎ ሕሊና አይጫን የሚል አሳብ አለው። ደግሞስ ልደትንና ትንሣኤን ሁላችንም እናከብር የለም? ጥያቄው የቀሩትን 50 እሑዶች ምን እናድርጋቸው የሚለው ነው።

ቦንጋ ላይ ቢሞከር

የጀርመኑን ኦርኬስትራ ማንም አይጠይቀንም። በአጥቢያዎቻችን ያለው አንድ ኪቦርድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ እርሱም ዝም ይላል። አራቱ የካንታታ ክፍሎች ግን ያለ መብራት ይሠራሉ። አንዲት እህት የዕለቱን ወንጌል ታነባለች፤ አንድ ወንድም ያንኑ ክፍል በሶሎ፣ ቢቻል በካፊኖኖ፣ እንደ ተረት አድርጎ ያስረዳል፤ ኳየሩ በጸሎት ይመልሳል፤ ጉባኤው ከስብሐት ለአምላክ ወይም በቃሉ ከሚያውቃቸው መዝሙሮች አንዱን ተነሥቶ ይዘምራል። ከዚያ ሰባኪው ያንኑ ክፍል ይሰብካል። በገጠር አጥቢያዎች ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉን። እነርሱ ከእሑድ ወደ ቤታቸው ይዘው የሚሄዱት መዝሙሩን ነው፤ ማክሰኞ በማሳ ላይ ሲያንጎራጉሩ የሚሰማው እርሱ ነው። መዝሙሩ ቃሉን ካልያዘ ቃሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይቀራል። ለኳየሩ የክረምቱ እሑዶች ንባብ ቢያንስ በግንቦት፣ የልደቱ በመስከረም ሊሰጠው ይገባል። ይህ የመጋቢው ሥራ ነው፤ የዘማሪዎቹ አይደለም።

ለመጀመር የሚቀለው አድቬንት ነው። በእኛ አቆጣጠር ልደት ታኅሣሥ 29 ሲውል የአድቬንት የመጀመሪያው እሑድ ከታኅሣሥ 1 እስከ 7 ባለው ይውላል። በባኽ ዘመን የነበሩት የአራቱ እሑዶች ወንጌሎች ማቴ. 21፥1-9፣ ሉቃ. 21፥25-36፣ ማቴ. 11፥2-10 እና ዮሐ. 1፥19-28 ናቸው። የመጀመሪያው የሆሳዕና ክፍል መሆኑ አይግረማችሁ፤ ልደቱ የሚመጣው ንጉሥ መምጣት ስለ ሆነ ነው። በላይፕሲግ ካንታታ የሚዘመረው በመጀመሪያው እሑድ ብቻ ሲሆን በተከታዮቹ ሦስቱ ዝም ይባል ነበር፤ ልጆቹም ለልደት ይለማመዱበታል። ይህ ለእኛም ይመቻል። በዚያ ወቅት ብዙ ቤተሰብ ቡናውን እየለቀመና እያሰጣ ስለ ሆነ ልምምዱ ቀን ሊሆን አይችልም፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቢደረግ ለልደት ይደርሳል።