ክቡር ዕቃ በሰው እጅ፤ ቢጐዳ ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው?

ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2025፥ በፓሪስ ከተማ ሶተቢስ በሚባለው የሐራጅ ቤት አንዲት ጥቍር የቈዳ የእጅ ቦርሳ በ8.6 ሚሊዮን ኤውሮ ተሸጠች። ቦርሳዪቱ አዲስ አልነበረችም። ቈዳዋ ተፍቋል፥ ጭረትና እድፍም ይታይባታል፤ የቀድሞ ባለቤቷ ጄን በርኪን የተባለችው ዘፋኝና የቴያትር ሰው ብዙ ዘመን ይዛት ዞራለችና። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ በዋጋው መደነቁ አይቀርም። እኛ ግን ስለ ዋጋው መደነቁን ለሌላ ትተን፥ ከዋጋው በስተኋላ የቆመ አንድ የቈየ የፍርድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ይኸውም እንዲህ ያለ ክቡር ዕቃ በተሸካሚ፥ በባለ ሆቴል፥ በባለ አይሮፕላን ወይም በወዳጅ እጅ ሳለ ቢቀደድ፥ ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ፥ ካሣውን የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃው ጥቂት እንናገር። ይህን ቦርሳ የሠራው የኤርሜስ ቤት ሥራውን የጀመረው በቦርሳ አልነበረም። ቲየሪ ኤርሜስ በ1837 በፓሪስ ሱቅ ሲከፍት የሚሠራው የፈረስ ዕቃ ነበረ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የቤቱ ሠራተኞች ቈዳውን በአንድ ክርና በሁለት መርፌ እንደ ኮርቻ ይሰፉታል። ሉዊ ቩቶንም በ1854 በዚያው ከተማ የመንገደኛ ሣጥን ሠሪ ሆኖ ተነሣ። በዚያ ዘመን የሣጥን ክዳን ዝናሙ እንዲወርድለት ጐባጣ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ቩቶን ግን በባቡርና በመርከብ አንዱ ባንዱ ላይ እንዲደረደር ክዳኑን ዝርግ አደረገው። እንግዲህ የሁለቱም ቤቶች ጥበብ ከመንገድ የተወለደ ነው። ኋላ በ1956 የሞናኮ ልዕልት ግሬስ ኬሊ የኤርሜስን ቦርሳ ይዛ በፎቶግራፍ ስለ ታየች ያ ቦርሳ በስሟ ተጠራ። በስተኋላም የቤቱ አለቃ ዣን ሉዊ ዱማ ከጄን በርኪን ጋራ ከፓሪስ ወደ ለንደን በአይሮፕላን ሲሄዱ ተጨዋውተው፥ ከዚያ ጨዋታ የተነሣ በ1984 በርኪን የሚባለው ቦርሳ ወጣ። ቦርሳው በአይሮፕላን ላይ ታሰበ፤ ዛሬም ስለ ጕዳቱ ብዙ ክርክር የሚነሣው በአይሮፕላን መንገድ ነው።

ዳሩ ግን ጥያቄው ከቦርሳው እጅግ ይቀድማል። በኦሪት ዘፀአት በ22ኛው ምዕራፍ ሕግ ሰጪው ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። ገንዘብ ወይም ዕቃ በአደራ ተቀብሎ ከቤቱ የተሰረቀበት ሰው፥ ሌባው ከተገኘ ሌባው እጥፍ ይከፍላል፤ ሌባው ካልተገኘ ግን ባለአደራው ቀርቦ እጁን እንዳላነሣበት ይምላል። የተዋሰ ሰው ግን ከዚህ ይልቅ ይጠበቅበታል፤ ባለቤቱ በሌለበት የተዋሰው ከብት ቢጐዳ ወይም ቢሞት ይከፍላል። ባለቤቱ አብሮ ካለ ግን አይከፍልም፤ በኪራይ የመጣ ከሆነም ጕዳቱ በኪራዩ ይታሰባል። ከዚህ የምንማረው፥ ዕቃው በማን እጅ ነበረ ብሎ መጠየቅ ብቻ እንደማይበቃ ነው። በምን ምክንያት ወደ እጁ ገባ? የተጠቀመውስ ማን ነው? ባለቤቱስ ወዴት ነበረ? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። አገራችን በብዙ ዘመን የተዳደረችበት ፍትሐ ነገሥትም አደራንና ውሰትን ለየብቻ እያደረገ ይናገራል። ሕዝባችንም አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብሎ ይተርታል።

ሮማውያን ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው። መንገደኛ ዕቃውን ለሚያውቀው ጎረቤት ሳይሆን ለማያውቀው ባለ መርከብ፥ ለባለ ማደሪያ ቤትና ለባለ ጋጣ አሳልፎ ይሰጣል። እነዚህ ሰዎች ከሌባ ጋራ ቢመሳጠሩ መንገደኛው በምን ያስረዳል? ስለዚህ የሮማ ዳኛ፥ ባለ መርከብ፥ ባለ ማደሪያና ባለ ጋጣ ደኅና አድርገው ሊጠብቁ የተቀበሉትን ሁሉ እንዲመልሱ፥ ባይመልሱ ግን ጥፋታቸው ሳይፈለግ እንዲከፍሉ በአዋጅ ደነገገ። ላቤዮ የተባለው የሕግ ሊቅ ግን መርከብ የተሰበረበት ወይም የባሕር ወንበዴ የወረረው ሰው ከዚህ ዕዳ ነጻ ቢወጣ በደል አይደለም አለ። ከሰው ኀይል በላይ የሆነውን ነገር ማንም ሊያግደው አይችልምና።

በዚያው በሮማውያን መጽሐፍ፥ ንጉሡ ዩስጢንያኖስ በ533 ባወጣው የሕግ ስብስብ ውስጥ፥ ለነገራችን እጅግ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ተጽፎ ይገኛል። መርከብ በማዕበል ተይዞ እንዲቀልል አንዳንዱ ጭነት ወደ ባሕር ቢጣል፥ በሮድስ ደሴት ሰዎች ሕግ ጕዳቱን ሁሉም ተካፍለው ይከፍላሉ። ጳውሎስ የተባለው የሕግ ሊቅ (ይህም ሐዋርያው አይደለም) ስለዚህ ሲጽፍ፥ ዕንቍና የከበረ ድንጋይ የጫነ ሰው፥ ዕቃዬ መርከቡን አላከበደምና አልከፍልም ሊል ይችላልን? ብሎ ይጠይቃል። መልሱም አይችልም የሚል ሆነ። ክብደቱ ሳይሆን ዋጋው ይታሰባል፤ ከጥፋት የዳነው ዋጋው ነውና። እንግዲህ ትንሽና ክቡር የሆነ ዕቃ በትንሽነቱ ሊሸሸግ እንደማይገባው ሮማውያን አስቀድመው አውቀዋል።

ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነገሩ በእንግሊዝ አገር ታደሰ። በ1703 አንድ ሰው ያለ ዋጋ፥ እንዲያው በበጎ ፈቃዱ፥ የሌላ ሰው ብራንዲ የተባለ መጠጥ በበርሜል ከስፍራ ወደ ስፍራ ሊያዛውር ተቀበለ፤ በቸልተኛነትም በርሜሉ ተሰብሮ መጠጡ ፈሰሰ። ዳኛው ጆን ሆልትና ባልንጀሮቹ፥ ደመወዝ ባይቀበልም ሥራውን ከያዘ በኋላ በቸልታ ማበላሸት ዕዳ ያመጣል ብለው ፈረዱ። ስለዚህ ነገር፥ በነጻ ነው የያዝኩልህ የሚል ቃል ቸልተኛውን ሁልጊዜ አያድነውም።

በ1769 ደግሞ የቀረበው ክርክር ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። አንድ ሰው መቶ ፓውንድ ገንዘብ በአሮጌ የምስማር ከረጢት ውስጥ አስቀምጦ፥ በላዩ ድርቆሽ ሞልቶ፥ ከበርሚንግሃም ወደ ለንደን በመንገደኛ ሠረገላ ላከ። ከረጢቱና ድርቆሹ በደኅና ደረሱ፤ ገንዘቡ ግን የለም። ባለ ሠረገላው አስቀድሞ፥ ገንዘብና ጌጥ መሆኑ ካልተነገረኝ ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ በማስታወቂያ አስነግሮ ነበረ። ሎርድ ማንስፊልድ የፈረደው ለባለ ሠረገላው ነው። የፍርዱም ምክንያት፥ ተሸካሚ የሚቀበለው ዋጋ ስለ ድካሙ ብቻ ሳይሆን ስለሚሸከመው አደጋም ጭምር ነው፤ የዕቃውን ክብር የሸሸገ ሰው የአደጋውን ዋጋ አልከፈለም የሚል ነው። በ1830 ይኸው አሳብ በምክር ቤት ሕግ ሆነ። ዋጋው ከ10 ፓውንድ የሚበልጥ ወርቅ፥ ጌጥ፥ ሰዓት፥ ሐር፥ ጠጕርና ይህን የመሰለው ሁሉ ሲላክ ዋጋው ካልተነገረና ተጨማሪ ኪራይ ካልተከፈለ፥ በየብስ የሚያመላልሰው ሰው ስለ ጥፋቱ አይጠየቅም ተባለ። ነገር ግን የባለ ሠረገላው አሽከር ራሱ ሌባ ሆኖ ቢገኝ ይህ ሕግ ጌታውን አይጋርደውም።

በዘመነ አይሮፕላን ይህ ጥያቄ የዓለም ሁሉ ሆነ። በ1929 በዋርሶ የተደረገው ውል ለተመዘገበ ሻንጣ በኪሎ 250 ፍራንክ ብቻ እንዲከፈል ወሰነ። ልብ በል፥ አንባቢ ሆይ! ሮማዊው ጳውሎስ ክብደቱን ትቶ ዋጋውን ሲቈጥር፥ የዋርሶ ውል ዋጋውን ትቶ ክብደቱን ቈጠረ፤ አንድ ኪሎ የሚመዝን የጌጥ ቦርሳና አንድ ኪሎ የሚመዝን ዱቄት በሻንጣ ውስጥ እኩል ሆኑ። በ1999 በሞንትሪያል የተደረገውና በ2003 የጸናው ውል ሚዛኑን ትቶ በመንገደኛ ቈጠረ። መጠኑም የዓለም የገንዘብ ድርጅት ኤስ ዲ አር በሚለው መለኪያ መጀመሪያ 1,000 ሲሆን፥ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ 1,288፥ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ሆኗል። ይህም ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። እንግዲህ ቦርሳዋ የ20,000 ዶላር የሆነች ሴት በተመዘገበ ሻንጣዋ ውስጥ ብታስቀምጣትና ብትጠፋ፥ የምታገኘው ካሣ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው።

ነገር ግን ውሉ በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። መንገደኛው ሻንጣውን ሲያስረክብ ልዩ ዋጋ እንዳለው አስታውቆ ተጨማሪ ከከፈለ ባስታወቀው መጠን ሊካስ ይችላል። የአየር መንገዱ ሰዎች ሆነ ብለው ወይም ጕዳት እንደሚደርስ እያወቁ በድፍረት ካበላሹት ደግሞ ወሰኑ ይፈርሳል። በእጅ የተያዘ ቦርሳ ሌላ ነው። ባለቤቱ አብሮት ነውና አየር መንገዱ የሚከፍለው ጥፋቱ የእርሱ ወይም የሠራተኞቹ ሲሆን ብቻ ነው፤ በዚህም የኦሪቱ ሕግ፥ ባለቤቱ አብሮ ካለ ያለው፥ በሩቅ ይታወሳል። የተመዘገበ ሻንጣ ተጐድቶ ያገኘ ሰው ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያላመለከተ እንደ ሆነ መብቱ ይቀርበታል፤ ክስም ከሁለት ዓመት ሊያልፍ አይችልም።

አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ፥ ሕግ ለባለ ጠጋው አየር መንገድ አደላ ይል ይሆናል። እውነትም ወሰኑ የኩባንያውን ኪስ ይጠብቃል። ዳሩ ግን በሌላው ወገን የቆመውን ሰው እናስብ። በሆቴል ደጅ ቦርሳ ተቀብሎ የሚያወጣው አሽከር፥ በአይሮፕላን ጣቢያ ሻንጣ የሚጭነው ሠራተኛ፥ የያዘው ነገር የብዙ ዓመት ደመወዙን እንደሚያህል አያውቅም። ያላወቀውን ክብር እንዲሸከም፥ ኪራዩንም ሳይቀበል አደጋውን እንዲከፍል ማድረግ ፍርድ አይደለም። ባለቤቱ ደግሞ ዝም ብሎ በርካሽ ኪራይ ካስጫነ በኋላ ሙሉውን ዋጋ ልቀበል ቢል፥ በድርቆሽ ገንዘብ የሸሸገውን ሰው ይመስላል።

ስለዚህ ከሦስት ሺህ ዓመት የሚቀርበው ይህ ታሪክ በሦስት ጥያቄ ይጠቃለላል። የጥፋቱ ምክንያት የማን ቸልተኛነት ነው? ስለ ጥበቃው ዋጋ የተቀበለው ወይም በዕቃው የተጠቀመው ማን ነው? የዕቃውንስ ክብር የሚያውቅ ማን ነበረ? ጥበቃ ሸጦ ዋጋ የተቀበለ ይክፈል፤ ከወዳጁ ቦርሳ ተውሶ ለሰርግ የያዘም ይክፈል፤ አውቆ የሸሸገ ግን ጕዳቱን ከራሱ ጋራ ይካፈል።

የጄን በርኪን ቦርሳ ግን አንድ ነገር ይጨምርልናል። በዚያች ቦርሳ ላይ ያለው ጭረትና እድፍ ዋጋዋን አልቀነሰም፤ የባለቤቷ እጅ ምልክት ነውና። ያው ጭረት በማያውቃት ተሸካሚ እጅ ቢመጣ ኖሮ ግን ክስ በሆነ ነበር። ስለዚህ ካሣ የሚቈርጥ ዳኛ ከቈዳው አስቀድሞ፥ ዕቃው በማን እጅና በምን ቃል እንደ ተጐዳ ይመርምር። ባለ ዕቃም ክቡር ዕቃውን ለሰው ሲሰጥ አስቀድሞ ይናገር፤ ተቀባዩም ሳይጠይቅ አይቀበል።