ዐቢይ ፊደልና ቀይ ቀለም፤ አርእስትን ለይቶ ስለ መጻፍ

አንድን መጽሐፍ ብዙ ሰዎች ተካፍለው ሲጽፉት የአርእስቱን አጻጻፍ አስቀድሞ መወሰን ግድ ነው። በላቲን ፊደል ይህ ጥያቄ የዐቢይና የንኡስ ፊደል ጥያቄ ነው። በፈረንሳይ አገር በቱር ከተማ፥ በቅዱስ ማርቲን ገዳም በ9ኛው መቶ ዓመት የተጻፉትን ታላላቅ መጽሐፍ ቅዱሶች ብንመለከት፥ አርእስቱ በጥንቱ የሮማ ዐቢይ ፊደል፥ የመነሻው መስመር አንሲያል በሚባለው ክብ ፊደል፥ የቀረው ንባብ በንኡስ ፊደል ተጽፎ እናገኛለን። ከእነርሱ አንዱ፥ ዛሬ በለንደን የሚገኘው፥ ሃያ ያህል ጸሐፍት የተካፈሉበት ነው፤ ሆኖም አንባቢው አርእስት ለማግኘት የየጸሐፊውን ጠባይ መማር አያስፈልገውም።

የእኛ ፊደል ዐቢይና ንኡስ የለውም። ይህን እንደ ጉድለት መቍጠር ግን አይገባም፤ ያን ሥራ የሚሠራ ቀይ ቀለም ነበርና። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ካሰመረ በኋላ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በየቀንዱ አድርጎ ይቀመጣል። በቀዩ የሚጻፈው የመጽሐፉ መነሻ፥ የክፍሉ አርእስት፥ በዳዊትም የየመዝሙሩ ራስ ነው። ከዚህም በላይ በንባቡ መካከል የእመቤታችን ስም፥ ገድሉ የተጻፈለት ቅዱስ ስም፥ የባለመጽሐፉም ስም በቀይ ይወጣል። (የሚገዛው ሰው ገና ካልታወቀ ለስሙ የሚበቃ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ ሳይሞላ የቀረበትም መጽሐፍ አለ።)

እንግዲህ ቀዩ ቀለም አርእስትን ይለያል፥ ስምንም ያከብራል። በእንግሊዝኛ ዐቢይ ፊደል እነዚህኑ ሁለት ሥራዎች ደርቦ ይዟል፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ነው። በአርእስቱ ያለው ቃል ሁሉ በዐቢይ ፊደል የተጀመረ እንደሆነ የሰው ስምና ተራው ቃል ይመሳሰላሉ። የቤተ መጻሕፍት መዝገብ አዘጋጆች የመጀመሪያውን ቃልና የተጸውዖውን ስም ብቻ በዐቢይ ፊደል ይጀምራሉ፤ በእኛ አስተያየት የተሻለው ይህ ነው።

ዮሐንስ ፖትከን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮማ ሲያሳትም ቀዩን ቀለም አልተወውም። ነገር ግን በሁለት ቀለም ማተም ድካሙም ወጪውም ብዙ ስለሆነ ኋላ የተስፋፋው ኅትመት በጥቁሩ ብቻ ሆነ። በ1934 ዓ. ም. የተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጐን ለጐን ሲያወጣ፥ እንግሊዝኛው የዐዋጁን አርእስት በዐቢይ ፊደል ሊለይ ይችላል፤ ለአማርኛው የቀረው የፊደሉ መጠንና ውፍረት ነው።

ዛሬ በሁለቱ ቋንቋዎች በጋራ ለሚዘጋጁ ጽሑፎች መመሪያው ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ከሆነ፥ ስለ ዐቢይ ፊደል የሚናገረው አንቀጽ አማርኛው ዘንድ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ ያወፍራል፥ ሌላው ከሥር ያሰምራል፥ ሦስተኛው በትእምርተ ጥቅስ ያስገባል። አርእስቱ በዚህም ቢሆን ይታይ ይሆናል፤ ስሙ ግን አይለይም። «የተስፋ ሥራ» የሚል አርእስት ስለ ተስፋ ይናገር ወይም ተስፋ ስለሚባል ሰው አይታወቅም። ስለዚህ ለአማርኛው የራሱ አንቀጽ ሊጻፍለት፥ በአርእስት የሚገባ የሰው ስምም ከማዕርጉ ወይም ከአባቱ ስም ጋራ እንዲጻፍ ሊወሰን ይገባል።